የአውራ ዶሮ ላባ

አጎቴን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ባሌ ክፍለ ሀገር ሲሠሩ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ዝንብ በሚያስመስሉት ላባ ማጥመድ ለምደው፣ ወልቂጤ ከገቡም በኋላ ዋቤ ወንዝ የሚወርዱት ይህንኑ ይዘው ነበር። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ መንጠቆ ላይ በእንሰት ቃጫ ያስሩና፣ ከመወርወራቸው በፊት አፋቸው ውስጥ ከትተው ያረጥቡታል። እኔ ስጸየፍ፣ "ካልራሰ አይሰምጥም፤ ዓሣው ያለው ታች ነው" ይሉኛል።

በበዓል ማግስት ላባ የምታመጣላቸው አንዲት ጎረቤታችን ነበረች። ጋሼ ካረፉ ወዲህ በመጀመሪያው ፋሲካ ማግስትም እንደ ልማዷ በፌስታል ይዛ መጣች።

"ጋሼ አሉ?" አለችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

"ግድ የለም፣ ስጪኝ" አልኳት።

ከሄደች በኋላ ከፌስታሉ አንድ ላባ መዘዝኩ። ሳላስበው አፌ ውስጥ ከትቼ አረጠብኩት።