የማይላከው ምስል

የወንድሜ ጭንቅላት ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ልደታ በሚገኝ የምርመራ ማዕከል ሲቲ ስካን ተነሳ፤ ምስሉ ሌላ ሆስፒታል ላለው ቀዶ ሐኪም ካልደረሰ ግን ኦፕራሲዮን አይኖርም። በማዕከሉ አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም ምስል የመላክ ፈቃድ ያላት ምስሉን የምታነበው ሐኪም፣ አንዲት ራዲዮሎጂስት ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ልደታ ማርያም ቀብር ላይ ነበረች፤ ስልኳ ዝግ ነው።

«እህቴ፣ አንቺ ላኪልኝ» አልኳት ምስሉን ያነሳችውን ባለሙያ።

«ጋሼ፣ ማንሳት እንጂ መላክ አልችልም። ድሮ ሁላችንም በዶክተሯ ፓስወርድ ነበር የምንገባው፤ አሁን ተከልክሏል።» ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «እኔ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ፤ ያደረጉትን አላየሁም።»

ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለቀዶ ሐኪሙ ላክሁ። ሐኪሙ ወዲያው ደወለ፦ «በዚህ ብዥታ ጭንቅላት አልከፍትም።»

ወንድሜ ስሜን መጥራት አቁሟል። ለቀስተኛዋን ዶክተር ከሬሳ ሳጥን አጠገብ ጎትቼ ላመጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ።