ጋሽ ቀጀላ የማይሸጡት ጋዜጣ

ጋሽ ቀጀላን ግትር ነበሩ የሚል ሰው እኔ ፊት ባይል ይሻለዋል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ ወጥተው አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ጋዜጣ ያከራዩ ነበር። ደርግ ወድቆ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነው። ያኔ ጋዜጣ ገዝቶ ቤቱ የሚገባ የት አለ! ተከራይቶ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ አንብቦ መመለስ ነው። ደግሞ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ አጠገብህ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ካለ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነባለህ። እኔም ዜና የምሰማው እንደዚያ ነበር። ጎመን ልገዛ ወጥቼ ስንቴ እዚያው ተገትሬ ቀርቻለሁ!

የምርጫው ሰሞን ባለቤቴ ቀናው ስብሰባ ሄደ። የሐዲድ ሠራተኛ ነው፤ አፉ ደግሞ አያርፍም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ ሲናገር፣ የእኔ ጉድ ብድግ ብሎ "ለመንደሩ የመጣው ቆርቆሮ የት ገባ?" አለው። በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ ወሰዱት። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ "እዚህ የለም"፣ ቀበሌ ስሄድ "እኛ አናውቅም"። ስንቁን ይዤ ስንከራተት ከረምኩ። ገድለውታል ብዬ ነበር፣ ምን ልደብቅ!

ጋሽ ቀጀላ ይህን ሰሙ። ጋዜጣ ሊያመጡ ከተማ በወጡበት ለአንዱ ዝግጅት ክፍል ነገሩልኝ፤ እነሱም ጻፉት። በወጣበት ቀን ጠዋት በየአዟሪው እጅ የነበረው ተሸጦ አለቀ፤ በሰፈሩ የቀረው የጋሽ ቀጀላ ብቻ ነበር። ሊቀመንበሩ ወሬው ደርሶት ኖሮ እየተጣደፈ መጣ።

"ያንን ጋዜጣ ይሽጡልኝ" አላቸው።

"አልሸጥም ልጄ፤ አከራያለሁ። እዚያ ተቀመጥና አንብብ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጥቋቸው ይሄድ ነበር። አሁን ግን ምርጫ ደርሷል፤ ዙሪያውን የከበበው ሁሉ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ነው። ፈገግ ለማለት እየሞከረ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ገና ሲገልጠው አጠገቡ የነበሩት እማማ ዳሲቱ "የኔ ልጅ፣ ለእኛም አሰማን እንጂ፤ ዓይንም የለኝ፣ ፊደልም የለኝ" አሉት። ቀና ብሎ ጋሽ ቀጀላን አያቸው። እሳቸው እቴ! "ደንቡ ነው" ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

አነበበ፣ ምን ያድርግ! የራሱ ስም ጋ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ። መሃል ላይ የድሬዳዋው ባቡር እያፏጨ ሲመጣ የተገላገለ መስሎት ነበር፤ ባቡሩ እንዳለፈ እማማ ዳሲቱ "የቱ ጋ ነበርን?" አሉት። "ቤተሰቡ ያለበትን እስካሁን አያውቅም" የሚለውን አንብቦ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ስንቄን እንደያዝኩ ፊቱ ቆሜአለሁ።

"ቤተሰቡ እኔ ነኝ" አልኩት። "የት ነው ያለው?"

ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገ።

"ይመጣል" አለ። "ዛሬ ይመጣል።"

መጣም። ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ግን በእግሩ መጣ። እልል አልኩ፣ አለቀስኩ፣ አምላኬን ደጋግሜ አመሰገንኩ። በማግሥቱ ጋሽ ቀጀላ እግር ላይ ስወድቅ ተቆጡኝ።

"ተነሽ እንጂ አንቺ ሴት! እኔ ምን አደረግኩ? ያነበበው እሱ ነው።"

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ፤ እኔ የማመሰግነው እሳቸውን ነው። ምርጫውንማ ያው ሰውዬ አሸነፈ። ያሸንፋ! የእኔ ቀናው ቤቱ ገብቷል።