እናቴ ስለ ካላማሪ የጠየቀችኝ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አፉላ፣ ኩፓት ሆሊም በሚባለው ክሊኒክ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ባሕር ፊልም ያሳይ ነበር። ካላማሪ የሚባለው ለስላሳ፣ ባለ አሥር ክንድ ፍጥረት ሁለቱን ረጃጅም ክንዶቹን ድንገት ወርውሮ ትንሽ ዓሣ ያዘ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ታላቅ ወንድሜ ውድነህ ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በአውሮፕላን በመጣን በጥቂት ዓመት ውስጥ የፋብሪካ ሥራውን ትቶ ሃይፋ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ገባ። «ጣሪያ ሥር መዋል አልችልም» ይል ነበር። እናታችን የጎንደር ሰው ነበረች፤ ከጣና ሌላ ሰፊ ውሃ አታውቅም፣ ባሕር ሲባል ትፈራ ነበር።

ትምህርት በተዘጋበት ሰሞን አንድ ቀን ይዞኝ ሄደ። አፉላ ዙሪያ ያለው የሸለቆው ስንዴ ታጭዶ ገለባው በአውቶቡሱ መስኮት ይሸታል። ዳቦና ቲማቲም በሚጥሚጣ እየበላን ወደብ ደረስን። ጀልባዎቹ ገና መግባታቸው ነበር።

«እቱ፣ ነይ እይ» ብሎ የአንዱን ካላማሪ ሆድ በቢላዋ ከፈተ። ውስጡ የደቀቀ የዓሣ ሥጋና የሽሪምፕ ቅርፊት ነበር። እኛ ባንበላውም ለምግብ ቤት ይሸጡታል።

«ዳር ዳሩን እየዞረ ትንንሽ ዓሣ ያድናል። ሲርበው የራሱን ወገንም ይበላል።»

«የሞተስ?»

«የሚንቀሳቀስ ነው የሚወደው። በድን አይፈልግም።»

በዚያው ዓመት፣ የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ማዕበል እሱ የሚሠራባትን ጀልባ ገለበጣት። የጀልባዋን ባለቤት በሕይወት አወጡት፤ ውድነህን ግን ባሕሩ አልመለሰውም። ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ። የሚቀበር ስለሌለ ለቅሶውን እንዴት እንደምንቀመጥ እንኳ ግራ ገባን። እናቴ አላለቀሰችም። ሰው ሳሳ ሲል ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ አብረሽው ሄደሽ አይተሻል። ያ ባለ ብዙ እጁ ምንድን ነው የሚበላ?»

ምን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ።

«ትንንሽ ዓሣ ነው፣ እማ። የሚንቀሳቀሰውን።»

«በድን አይነካም?»

«አይነካም። ራሱ ውድነህ ነው የነገረኝ።»

በድን ስለሚበላው ስለ ሸርጣኑና ስለ ሌላው የባሕር ፍጥረት አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሳሁም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ክሊኒኩ ውስጥ ስሜ ሲጠራ ፊልሙ አላለቀም ነበር። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። መቃብሯ እዚሁ አፉላ ነው፤ ድንጋዩን አጥቤ፣ ትንሽ አጠገቧ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ለወንድሜ እንዲህ የማደርግበት ቦታ የለኝም። ያ መልሴ እሷን አሳርፏት ይሆናል፤ እኔን ግን፣ የቀረውን ስለማውቀው፣ እስከ ዛሬ አላሳረፈኝም።