በሁዳዴ ላት የቀባሁት ሞተር

ሞኝ ነኝ። እኔ ቀድሜ ካልተናገርኩት ጎንደር ውስጥ የሚናገርልኝ አይጠፋም ብዬ ነው። የሞተር ሰንሰለት በበግ ላት የቀባ ሰው አለ ሲባል ከሰማችሁ፣ እሱ እኔ ነኝ። ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ገና በወጣትነቴ ነው። ዛሬ ጠጉሬ ሸሽቶ፣ ሆዴ ቀድሞኝ መሄድ ከጀመረ በኋላ እንኳ ትዝ ሲለኝ ምራቄን እተፋለሁ።

ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ሞተር ብስክሌት ያለን ስድስት ሰዎች ነበርን። ሁሉም ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ከአንዱ ተፈቶ ለሌላው የተገጠመ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደምሴ ግቢ ተሰብስበን ስንፈታ፣ ስናጥብ፣ ስንገጥም እንውላለን። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰልፈን ማክሰኝት ድረስ ደርሰን እንመጣለን። ደምሴ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ የሠራ ሰው ነው፤ የሁላችንም መካኒክ እሱ ነበር።

የእኔው ባለ ሦስት ጎማ ነው፤ ከፊት ሞተር፣ ከኋላ የዕቃ ሳጥን። ሙያዬ ልብስ ሰፊነት ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ አግዳሚ ገጠምኩና በቀይ ከፋይ ለበጥኩት። ዳር ዳሩን ዘርፍ አዞርኩበት፣ ከላይ ጥላ ተከልኩለት። ጓደኞቼ “ሙሽራይቱ መቼ ነው የምትመጣ?” እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ደግሞ የቀኑብኝ ይመስለኛል።

ችግሩ ግራሶ ነበር። ሰንሰለትና የጎማ እንብርት የሚቀባው ያ ወፍራም ቅባት ከገበያ ጠፋ። እኔ ቤት ደግሞ ለቅበላ ካረድነው በግ የተረፈ ላት አለ። ከነሥጋ ቁራጩ አቀለጥኩት። ሰንሰለቱን ቀባሁበት፣ የተረፈውን የኋላ ጎማዎቹ እንብርት ውስጥ ጠቀጠቅኩት።

ደምሴ ሲያይ ጮኸ። “ምነው አንተ! ማኪና ነው ወይስ ጥብስ የምትሠራ?”

“ይለሰልሳል” አልኩት።

“መለስለሱንስ ይለሰልሳል። ሰንበትበት ሲል ታየዋለህ።”

ሰነበተ። ዝንቡ መጣ፣ ሽታውም መጣ። ጓደኞቼ እሁድ እሁድ ከሰልፉ መጨረሻ አደረጉኝ። እኔ ግን በየቀኑ ስለምነዳው አፍንጫዬ ለምዶት አረፈ።

የመጋቢት አቦ ዋዜማ ጧት አባ ገብሬ ሱቄ መጡ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ መንገድ ያለች የአንዲት የገጠር አቦ ቄስ ናቸው፤ ቀሚሳቸውን የምሰፋው እኔ ነኝ። ያን ዓመት ያገራቸውን ስንዴ በረዶ መትቶት ለቁርባን የሚሆን መገበሪያ አጥተዋል። ጎንደር ድረስ በእግራቸው መጥተው ንጹሕ ስንዴ አግኝተው፣ በነጭ ከረጢት ተሸክመው ሊመለሱ ነው። ያ ስንዴ ካልደረሰ በማግስቱ ቅዳሴ የለም።

“እኔ እያለሁ በዚህ ፀሐይ በእግርዎ?” አልኳቸው። ለጽድቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከፋዩን አገር እንዲያይልኝም ነው።

አባ ከፋዩ ላይ ተቀመጡ፣ ከረጢቱን እግራቸው ሥር አኖሩ። ዳገቱን ስንያያዘው ሰንሰለቱ ጋለ፣ ላቱ ቀለጠ። መንደር ባለፍን ቁጥር ውሻ ይከተለናል። አንዱማ ሊነክሰን መስሎኝ ስሸሽ ጎማዬን ነው የሚልሰው።

አባ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። “ልጄ፣ ምን ሞቶ ነው?”

“መንገድ ዳር አህያ ሞታ ይሆናል አባ።”

ጥቂት ሄድን።

“ይህች አህያ ከኛው ጋር ነው እንዴ የምትሄድ?”

ጡሩምባ ነፋሁ።

እኩለ ቀን ላይ ስንደርስ የደብሩ ሽማግሌ አያ ፈንታ ሰፌድ ይዘው ይጠብቁናል። ከረጢቱን ከፍ ሲያደርጉት ታቹ ቡናማ ሆኖ ርሷል። ጎንበስ ብዬ ሳጥኑን አየሁ። በጣውላው ክፍተት ላቱ ወደ ላይ ተረጭቷል። ከሥሩ የተጋገረው ስብ ውስጥ ደግሞ ነጭ ነጭ ትል ይተራመሳል። ቶሎ ቀና አልኩ።

“ይህ ምንድን ነው?” አሉ አባ።

“የማኪና ዘይት ነው። ከመሬት የሚወጣ።”

ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገረመኝ። አባ እፎይ አሉ። “እንግዲያስ የእንስሳ አይደለም። የነካውን እንጣልና የላዩን እንልቀም።”

ተቀምጠው ፍሬ በፍሬ መልቀም ጀመሩ። አያ ፈንታ አንዲት ፍሬ አንሥተው አሸተቱ። ፊታቸው ተኮማተረ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወደኔ አዩ፣ ወደ አባ አዩ፣ ከዚያ ቃሌን አምነው ፍሬዋን ሰፌዱ ላይ መለሷት። በማግስቱ ያቺ ፍሬ መሠዊያ ላይ ልትወጣ ነው። ትሉን ያየሁ ጊዜ የያዝኩት ትውኪያ አሁን አላስቻለኝም። ደጁ ላይ ካለው ዋርካ ኋላ ሄጄ አስመለስኩ። እንዲያ ያስጠላኝ እኔው ራሴ ነኝ።

አፌን ጠርጌ መጣሁ። “አባ፣ ተዉት። የበግ ላት ነው።”

አያ ፈንታ እጃቸውን በአፈር አሹት፣ ደግመው አሹት። “በሁዳዴ?” አሉ። “አባን በሁዳዴ ላት ላይ አስቀምጠህ አመጣሃቸው?”

አባ አልተቆጡም። መቋሚያቸውን አነሡ። “ማዶ ያለው ደብር የተረፈው ካለ እንለምናለን።”

“በሞተሩ ላድርስዎ?” አልኩ። እንዲህ ዓይነት አፍ ነው ያለኝ። አያ ፈንታ ያዩኝ አስተያየት ይበቃል።

ሁለት ሰዓት ወረድን፣ ከዚያም ወጣን። የማዶው ቄስ ታሪኩን ሰምተው ለራሳቸው ካስቀመጡት ግማሹን ሰፈሩልን። ልሸከም ብዬ እጄን ስዘረጋ አባ ከረጢቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ያ ሁሉ መንገድ እሳቸው ተሸክመው ከፊት፣ እኔ ጎረምሳው ባዶ እጄን ከኋላ ተመለስን።

በማግስቱ ቅዳሴው ደረሰ። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። እዚያም ሆኜ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ራቅ ራቅ አሉ።

ሞተሩን በኋላ ደምሴ በአመድና በላምባ ሦስት ቀን አጠበው፤ እኔ ግን ተጠየፍኩት፣ ሸጥኩት። እስከ ዛሬ የበግ ላት አልቀምስም። ሰው ሲያወራው እኔም እስቃለሁ፤ ከማንም በላይ አሳምሬ የማወራው እኔ ነኝ። አያ ፈንታ ፍሬዋን የመለሱበት ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

ያን የአቦ ዕለት ሕዝቡ ከቅዳሴ ከተሰናበተ በኋላ አባ ወዳለሁበት መጡ። ፊታቸውን ወዲያ መልሰው፣ ክንዳቸውን የቻሉትን ያህል ዘርግተው መስቀሉን አሳለሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

“ኋላም ቢሆን መናገርህ ሸጋ ነው ልጄ። ኃጢአትህን እግዜር ይፍታህ፤ ሽታውን ግን እሱን ወንዝ ይየው።”