ዘንጉን ሣር ውስጥ የደበቅኩባቸው ጠዋቶች

መንደራችን ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ያመጡን ሰዎች ቁጥር ሰጡት፣ በዚያው ቀረ። እኔ ስመጣ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ፤ የማውቀው አገር ይሄው ነው። ቤታችን ግን ሁልጊዜ መናኸሪያ ይመስላል። ትልቁ ድስትና የእናቴ ደህና ደህና ልብሶች በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። «አዝመራው ይግባና አገራችን እንገባለን» ይባላል፤ አዝመራው ይገባል፣ እኛ አንገባም። ማንጎ እንኳን አልተከልንም። አባቴ «እስኪያፈራ ማን ይጠብቀዋል?» ይላል። ጎረቤቶቻችን የተከሉት አፍርቶ፣ እኛ እየለመንን እንበላለን።

አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን ይሄ የመሄድ ወሬ ባሰበት። አንዱ «ሰፋሪ ይመለስ ሊባል ነው አሉ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ መሬቱን ሊያጸኑልን ነው» ይላል። ሰዉ ሁሉ አንድ እግሩን አንስቶ የቆመ ይመስል ነበር። ወሬው ሳይበርድ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ትምህርት ቤቱ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከእኛ መንደር ፈጥኖ ለሚሄድ ሰው እንኳን ይርቃል። አዲሱ ዳይሬክተር ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያ ሥራቸው የግቢውን በር በሰንሰለት ማዘጋት ሆነ። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ውጭ የተገኘ ተማሪ ወላጅ ይዞ ይመጣል።

ትምህርት ሊከፈት ሲል እናቴ ወለደች። ውሃ መቅዳት የእኔ ሆነ። የመንደሩ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ያለን ታች ያለው ወንዝ ነው። እኛ ጀሪካን እንደ እናቶቻችን በገመድ አስረን ጀርባችን ላይ ነው የምንሸከመው። ታዲያ የሞላ ጀሪካን ያለ ረዳት ጀርባ ላይ አይወጣም፤ የሚያሸክም ሰው ይፈልጋል። ወንዙ ዳር ጭቃ ብቻ ስለሆነ ጀሪካኑን ከፍ አድርጌ የማሳርፍበት ድንጋይ እንኳን የለም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ እዚያ ማን ይመጣል? ጀሪካኑን በጀርባዬ ተደግፌ ቁጭ እላለሁ፤ ገመዱን ደረቴ ላይ አስሬ፣ እግሬን ጭቃው ላይ ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ልነሳ እሞክራለሁ፤ ጀሪካኑ መልሶ ቁጭ ያደርገኛል። እንደታሰረ ፍየል ሆኜ ሰማዩ ሲነጣ አያለሁ። የትምህርት ቤቱ በር ሰንሰለት ሲንኳኳ ከወንዙ ድረስ የሚሰማኝ ይመስለኛል። በመጨረሻ አንድ ሰው መጥቶ ሲያሸክመኝ እሮጣለሁ፤ ቤት አራግፌ ደግሞ ለሁለተኛው እመለሳለሁ።

በሩ ተዘጋብኝ። ደግሞ ተዘጋብኝ። አባቴ ተጠርቶ ከተማ ድረስ መጣና ዘበኛው ዘንድ ብዙ ቆመ። ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ይሄድ ነበር።

«እናትሽ አራስ ናት። ውሃውን ማን ይቅዳው?»

«እኔ።»

«አንቺ ከቀዳሽ በሰዓቱ ድረሽ። ሌላ ቀን ከጠሩኝ ግን ትምህርቱ በቃ። የዘበኛ ደጅ መጥናት አልችልም።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል።

ከወንዙ ማዶ ካሉት በርታዎች፣ ከአገሩ ነባር ሰዎች፣ አንዲት ሴትዮ እዚያው ትቀዳለች። ልጆቹ ሁሉ «ኻልቲ» ይሏታል፤ አክስቴ ማለት ነው። አማርኛዋ ለሁሉም ሰው «አንተ» ነው፣ ለእናቴም ጭምር። ትከሻዋ ላይ አንድ የቀርከሃ ዘንግ፣ ዘንጉ ጫፍና ጫፍ ላይ አንዳንድ ጀሪካን፤ ማንም አያሸክማትም፣ ማንንም አትጠብቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያት ኖሬያለሁ። እንዴት እንደምታደርገው ግን ጠይቄያት አላውቅም። እንደ ቁመትና እንደ መልክ አብሯቸው የሚወለድ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጭቃው ላይ ተዘርግቼ አገኘችኝ።

«አንተ ሁልጊዜ እዚህ ቁጭ። ማን ትጠብቃለህ?»

«የሚያሸክመኝ ሰው ነዋ፣ ኻልቲ።»

«ሰው ካልመጣ?»

«እዚሁ እቀራለሁ።»

ሳቀችና ገመዴን ፈትታ ዘንጓን ከነጀሪካኖቿ አቀበለችኝ። «ያዝ።»

እኔ ምን አደረግሁ? ማጅራቴ ላይ አጋድሜ ሁለት እጆቼን ዘንጉ ላይ ሰቀልኩ። አባቴ በሬ ሲጠምድ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ እንጨት ትከሻ ላይ የሚወጣው እንደ ቀንበር ነው ብዬ ነው። ገና ስራመድ ጀሪካኖቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ባለው ረጅም ሣር ተያዙ፤ እኔ ዞርኩና ወንዙ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ኻልቲ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«በሬ ነህ? ውሃውን ማረስ ትፈልጋለህ?»

ከዚያ አሳየችኝ። ዘንጉ ባንድ ትከሻ ነው የሚያዘው፤ አንዱ ጀሪካን ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ መንገዱን ተከትሎ። ቁጢጥ ብሎ ትከሻን ከሥር ማግባት፣ በጉልበት መነሳት። ዘንጉን አንቆ መያዝ የለም። ቀርከሃው ይጎብጣል፣ ይቃናል፤ እግርሽ እሱን ተከትሎ መሄድ አለበት። እኔ ስቸኩል «ሹወያ፣ ሹወያ» ትለኛለች፤ በአረብኛው ቀስ በል ማለቷ ነው። ትከሻዬ ተላጠ። ግን አንድ ቀን ማንም ሳይነካኝ ቁጢጥ አልኩና ማንም ሳይነካኝ ተነሳሁ። ሁለቱም ጀሪካኖች ከመሬት ለቀቁ። ብቻዬን ሳቅሁ። ኻልቲ ለእኔም አንድ ዘንግ ቆርጣ ሰጠችኝ።

እናቴ ግን አራስ ቤት ሆና በመስኮት አየችኝ።

«ጣይው።»

«እማ፣ ባንድ ጊዜ እኮ ሁለት...»

«ጣይው አልኩሽ። አገራችን ስንገባ በዚህ ነው ወንዝ የምትወርጂው? ምን ሆና መጣች ይሉሻል።»

እናቴን ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤታችን ጨመረችበት። «እቴ፣ ልጅሽ ሚዛን ተሸክማለች። ምን ልትሸጥልን ነው?»

ከዚያ ወዲያ ከወንዙ በዘንግ እወጣና መንደሩ ጫፍ ስደርስ ዘንጉን ሣር ውስጥ እደብቃለሁ። እዚያ የሚያሸክመኝ ልጅ ስለማይጠፋ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ በጀርባዬ አስገባለሁ። ከወንዙ አመለጥኩ ስል መንደሩ ጫፍ ላይ ታሰርኩ። በሩ ላይ የምደርሰው ዘበኛው ሰንሰለቱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ነው።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። እየተንሸራተትኩ መንደሩ ጫፍ ደረስኩ። አንድም ልጅ የለም። ማን ልጁን በዝናብ ይለቃል? ሣሩ ጋ ቆምኩ። ዘንጉን ካወረድኩ የሚያሸክመኝ ሰው እስኪመጣ እዚያው መቆሜ ነው፤ በሩ ይዘጋል፣ አባቴ ይጠራል፣ ትምህርቱ ያልቃል። ካላወረድኩ ደግሞ መንደሩን መሃል ለመሃል ማለፍ አለብኝ፤ እህል ሊያስፈጭ የወጣው ሁሉ ዝናብ ሊያመልጥ ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ተሰብስቧል። ዘንጉን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዞርኩና ሄድኩ።

«ሚዛኗ መጣች» አለ አንዱ።

«ኪሎው ስንት ነው?»

«ለእናንተ አይሸጥም» አልኩ ሳልቆም። ሴቶቹ ሳቁ፤ በእኔ ይሁን በእሱ አላወቅሁም። አባቴም እዚያ ቆሟል፤ ሳልፍ ነው ያየሁት። ወዲያው ከኋላዬ የጫማው ድምፅ ጭቃው ላይ ተሰማኝ። ዘንጉን ሊነጥቀኝ ነው ብዬ ልሮጥ ስል ጀሪካኖቹ ተወዛወዙ። የኻልቲ «ሹወያ» ትዝ አለኝና ቀስ አልኩ። አጥራችን ጋ ስደርስ አባቴ አልፎኝ የግቢውን በር ከፈተልኝና ገፍቶ ያዘው።

እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አባቴ «ሁለቱም ሙሉ ናቸው» አላት።

«አየሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትጠብቂያለሽ? ይዘጉብሻል እኮ።»

ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ በረርኩ። ዘበኛው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን እየገፋ ነበር። አየኝ፤ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። «ዛሬም አንቺ?» አለና በሩን ለአንድ ሰው የሚበቃ ያህል ከፈት አደረገልኝ።

ክፍል ውስጥ መምህሩ ስሜን ሲጠሩ «አቤት» ያልኩት የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ ጮክ ብዬ ነው።