የጎታው አፍ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ከቤት በሶ ተላከልኝ። የክፍል ጓደኞቼ ስኳርና ውኃ ሲያቀራርቡ እኔ እንደ ልማዴ መጀመሪያ አፍንጫዬን በሶው ውስጥ ከተትኩ። የምፈልገው ሽታ አልነበረም። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶም የማይለቀው የደረቀ ጭቃና የጭስ ሽታ ጠፍቷል። የመጣብኝ የላስቲክ ሽታ ብቻ ነው።

«ደግሞ ምን ጎደለው? ይጣፍጣል እኮ!» አለችኝ አንዷ።

ምን ብዬ ላስረዳት? ገብሱ ዘንድሮ ከጎታ ሳይሆን ከማዳበሪያ ከረጢት እንደ ወጣ ገብቶኛል። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ጎታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቤታችን፣ ከበሩ በስተቀኝ ጥግ ይዞ የቆመ ነው። እናቴ እኔ ሳልወለድ በገዛ እጇ ሠራችው፤ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር አቡክታ፣ አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላውን እየደረበች። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ ነው። በአፉ ዙሪያ በጣቷ ጫፍ እየተጫነች የሐረግ ጌጥ አውጥታበታለች። በየዓመቱ፣ አዲሱ እህል ሳይገባ፣ የውስጡ ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ መደፈን ነበረበት፤ አለዚያ ነቀዝ ይሸሸግበታል። ለዚህ ደግሞ በአፉ የሚያልፍ ትንሽ ሰው ያስፈልጋል። በፊት እኅቴ ነበረች። እሷ ስታድግ ተራው ለእኔ ደረሰ፤ ከእኔ በታች ልጅ የለም።

ስምንተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። ገብሱ አውድማ ላይ ሳለ አባቴ አዳዲስ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መጣ።

«ይኸው፣ ጭቃ ማቡካት ቀረላችሁ» አለ። «ያን ጥግ ደግሞ ሶፋ እናገባበታለን።»

«እህል በማዳበሪያ ይታፈናል» አለች እናቴ። «ሶፋህን ነው የምንበላው?»

ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አባቴ ቁርጡን ተናገረ፤ ገብሱ ተወቅቶ ሲገባ ጎታው ካልተደፈነ ያፈርሰዋል። እናቴ ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ያን ክረምት በጣም አድጌ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በርጩማ ላይ ቆሜ እግሬን ወደ ጎታው አስገባሁ። ዳሌዬ አፉ ላይ ያዘኝ። «ትንፋሽሽን ዋጪ» አለች እናቴ፤ እኅቴ ትከሻዬን ተጫነችኝ፤ ተፋፍጌ ወረድኩ። ውስጡ ጨለማ ነው። ያለፈው ዓመት ገብስ፣ የጭስና የአፈር ሽታ ባንድ ላይ አፈነኝ። እኅቴ የሞባይሏን መብራት አብርታ ከላይ ያዘችልኝ። እናቴ ጭቃውን በጣሳ ታቀብለኛለች፤ ከዚያ በውጭ በኩል ትዞርና ጎታውን በጣቷ አጥንት ታንኳኳለች። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ እሷ በጆሮዋ ታውቀዋለች።

«እዚህ ጋ! በጣትሽ አይደለም፣ በመዳፍሽ!»

እደፍናለሁ። ታንኳኳለች።

«ድገሚው።»

«እማ፣ ደፍኜዋለሁ እኮ!»

«ድገሚው አልኩሽ።»

ያቺን ቃል የጠላኋትን ያህል የጠላሁት ቃል የለም። ወገቤ ተቆረጠ፤ ጭቃው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ውጭ የሰፈር ልጆች ሲሳሳቁ ይሰማኛል። በንዴት ጭቃውን እየመታሁ ለጠፍኩ። ከሰዓት በኋላ ግን እናቴ አንድ ዙር ሙሉ አንኳኩታ ስትጨርስ «ድገሚው» አላለችኝም። ድምፁ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆነ።

«አሁን ጎታ ሆነ» አለች። «ውጪ።»

አልወጣሁም። ደረቴ አለፈ፣ ዳሌዬ ግን እንቢ አለ። እኅቴ ክንዴን ይዛ ጎተተች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ።

«በቃ እዚያው ኑሪ! ሽማግሌም ሲላክ በጎታው አፍ ያናግሩሽ።»

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤታችን አሮጊት ገቡ። «ቅቤ ቀቧት እንጂ፣ ምን ትጎትቷታላችሁ!» አሉ። ተቀባሁ። ቅቤው ከጭቃው ጋር ተለወሰ እንጂ እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሰኝ ቀኑን ሙሉ የለፋሁበት ነገር መልሶ እኔን መያዙ ነው። አባቴ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ጎታው ሆድ ቀረበ።

«ሆዱን እንዳትነካው!» አለች እናቴ።

የሙቀጫውን ዘነዘና አንሥታ በርጩማው ላይ ወጣች። ግራ እጇን በእኔ ዳሌና በጎታው አፍ መካከል ሰካች፤ ከዚያ ያን የሐረግ ጌጥ ራሷ መስበር ጀመረች። በቀስታ፣ ቁራጭ በቁራጭ። ዘነዘናው ሁለት ጊዜ ስቶ የገዛ እጇን መታት። እኔን አንዴም አልነካኝም።

ስወጣ ጎታውን ዞር ብላ አላየችውም። ደጅ አስቀምጣኝ ቅቤውንና ጭቃውን በሞቀ ውኃ አጠበችልኝ። የግራ እጇ ጣቶች አብጠው ነበር።

«እማ፣ አፉን እንደገና እንሠራዋለን» አልኳት።

«አፉማ ይሠራል» አለች። «የሚገባበት ማን አለ?»

አባቴ ቃሉን አክብሮ ያን ዓመት ገብሱን ጎታ ውስጥ ገለበጠው፤ የተሰበረውን አፍ በእንቅብ ከደንነው። ከዚያ በኋላ ግን ውስጡን የደፈነው ሰው የለም። ያን ቀን የደፈንኩት ለጥቂት ዓመታት አቆየው።

በሶው በደረሰኝ ማግስት ለእናቴ ደወልኩ።

«በሶው ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል። ይጣፍጣል።»

«አትዋሺ። ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይላል» አለች። ቀጥላም፣ «ጎታው ነቀዝ ገባበት፣ ልጄ። አባትሽ ቅዳሜ ሊያፈርሰው ነው። እኔም እሺ ብያለሁ» አለችኝ።

ልቆጣ አስቤ በማን እንደምቆጣ አጣሁ። በስልኩ ውስጥ እርምጃዋ ተሰማኝ፤ ከዚያ የጣቷ አጥንት ባዶውን ጎታ ሲያንኳኳ።

«ሰማሽው?» አለች። «ስንጥቁ የት ጋ ይመስልሻል?»

ጓደኞቼ በኩባያ በሶ እየበጠበጡ ይሳሳቃሉ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ድገሚው» አልኳት።