በጥፍር የሚፈተን መጋዝ

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ፣ አንድ የመሣሪያ ሱቅ ገብቼ የመጋዝ ስለት እመርጥ ነበር። ያን ከክር እምብዛም የማይወፍረውን፣ ለቀጭን ነሐስ የሚሆነውን። ከእስሩ አንዱን መዘዝኩና በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ቀስ አድርጌ ጎተትኩት፤ ከነከሰ ደህና ነው፣ ከተንሸራተተ ይቅር። ጓሮ አንድ ሰው ነሐስ ይሞርድ ኖሮ ሽታው መጣ፤ ሳንቲም በላበው እጅ ጨብጠው ሲቆዩ የሚሸተው ዓይነት። ባለሱቁ ልጅ እግር ነው፤ ጥፍሬን አይቶ ሳቀና “ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ፣ እማዬ?” አለኝ። መለስኩለትና ስለቱን ገዝቼ ወጣሁ። የመለስኩለት ነገር ግን አልለቀቀኝም፤ የማወራችሁም ለዚሁ ነው።

ያደግኩት ነገሌ ቦረና ነው። አባቴ ደርግ ሲወድቅ ከጦሩ የተበተነ ሾፌር ነበር፤ እንደብዙዎቹ ወደ አገሩ መመለሱን ትቶ ከጦር ሰፈሩ ጀርባ ቤት ተከራየና በሰው የጭነት መኪና ሻኪሶ እየተመላለሰ ያሳድገን ጀመር። እኔ ደግሞ መኪና እሠራ ነበር፤ ትንንሽ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ። እናቴ “ሴት ልጅ ወልጄ ጋራዥ ከፈትኩ” እያለች ለጎረቤት ታማኛለች። ምን ላድርግ፣ ሌላው ነገር አይገባልኝም ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ቆርቆሮውን ናቅኩት። ለዓመቱ መዝጊያ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የእጅ ሥራ ይታያል ተብሎ ነበርና የአባቴን መኪና ከነሐስ ልሠራ ቆረጥኩ። ቁራጭ የነሐስ ላሜራ ከገበያ አገኘሁና በአባቴ የቆርቆሮ መቀስ ጀመርኩት። ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠቀለለ። መዶሻ አነሳሁ፤ ይባስ ተጨማደደ። የአባቴን የብረት መጋዝ፣ ሰጌቶውን አመጣሁ፤ ሰጌቶው ወፍራም ብረት እንጂ እንዲህ ያለ ስስ ነገር አያውቅም፣ ጥርሱ ይዞ ቀደደው። ነሐስ የማይረባ ነገር ነው ብዬ ፈረድኩ።

ላሜራውን የሸጠኝ ሰው “ከቱምቱው ነው የገዛሁት” ብሎኝ ነበር። ቱምቱ በኦሮምኛ አንጥረኛ ነው። እኚህ አንጥረኛ ከከብት ገበያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት ግራር ሥር ዳስ ነበራቸው። የመድፍ ቀለህ ይገዛሉ፣ ያግላሉ፣ ውኃ ውስጥ ነክረው ያለሰልሳሉ፣ ቀጥቅጠው ለቦረና ሴቶች አምባር ያወጣሉ። አገሩ በሙሉ አምባራቸውን ያደርጋል፤ ቤታቸው ግን እህል የሚቀምስ የለም። ቦረናው በራሱ ምክንያት ይርቃቸዋል፤ እኛ ከሰሜን የመጣነው ደግሞ ዓይናቸው ይበላል እያልን እንርቃቸዋለን። በዚህ ብቻ ተስማምተን ነበር። ልጃቸው የክፍሌ ልጅ ነበረች። ከኋላ ወንበር ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ሦስት ሰው የሚይዝ ዴስክ ላይ፣ አንድ ሰው።

የተጨማደደውን ነሐስ ይዤ ወደ ዳሳቸው ሄድኩ። ዛሬ “እሳቸው” እያልኩ ስለማወራ እንዳታምኑኝ፤ ያኔ “አንተ” ነበር የምላቸው። ሽበታቸውን እያየሁ። ከተማው እንደዚያ ነበር የሚላቸው፤ እኔም ከከተማው አልተሻልኩም።

ላሜራውን አገላብጠው አዩትና “ኢንተላ፣ ነሐሱ ምን አደረገሽ?” አሉኝ፤ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። ከዚያ ከቆዳ ኮሮጇቸው አንዲት መጋዝ አወጡ፤ እንደ ቀስት የጎበጠች፣ እጀታዋ እንጨት። እጀታው አውራ ጣት በሚያርፍበት በኩል ጎድጎድ ብሏል፤ ስንት ዓመት ቢይዙት እንደዚያ እንደሚበላ አላውቅም። ስለቱን በጥፍር መፈተን ያሳዩኝ ያን ቀን ነው። በላሜራው ውፍረት ውስጥ ሦስት ጥርስ ካልገባ መጋዙ ይቀድደዋል እንጂ አይቆርጠውም አሉኝ። ጥርሱ ወደ እጀታው ይዞራል፤ የሚቆርጠው ስትስቢው ነው። የሻማ ሰም ታስነኪዋለሽ። ላሜራውን በሁለት ስስ ጣውላ መሀል ታጣብቂዋለሽ፣ ያኔ አይጠቀለልም። እኔ ችኩል ነኝ፤ በመጀመሪያው ቀን አራት ስለት ሰበርኩባቸው። አልተቆጡም። “ሱታ” ይሉኛል፣ ቀስ ማለታቸው ነው። “አትግፊው። ራሱ ያውቃል። ሱታ፣ ሱታ።” ዛሬም መጋዝ ስይዝ የሚሰማኝ ያ ድምፅ ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ መመላለስ ያዝኩ፤ ለእናቴ ለጥናት ነው እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ልጃቸው ሻይ በወተት አመጣችልኝ። ዐቢይ ጾም ነበርና “ጾም ነኝ” አልኩ፤ እውነቴን ነበር። በማግስቱ ወተት የሌለው አመጡ። “እስከ ማታ ውኃም አልቀምስም” አልኩ፤ ውሸቴን ነበር። ፋሲካ ሆነ፣ አለፈ። ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕም ዓርብም በማይጾምበት ወቅት፣ እኔ ሞኟ ሻዩ ሲመጣ “ጾም ነኝ” አልኩ። ልጅቷ ክፍል ውስጥ በዕለተ ዓርብ የሥጋ ፍርፍር ስበላ አይታኛለች። አባቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከነሐሱ አላነሱም።

“የእናንተ ጾም ረዥም ነው” አሉ ብቻ።

ሻዩን መቅዳት ግን አልተዉም። በየቀኑ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ልጅቷ ወስዳ ግራሩ ሥር ትደፋዋለች።

መኪናው እያማረ ሄደ። በሩ ይከፈታል፣ ጎማው ይዞራል፣ የጭነቱ ሳንቃ አንድ በአንድ ተቆርጧል። ሊያልቅ ሲል አንጥረኛው መጋዟን አነሱና “ስትጨርሺ ይቺ ያንቺ ናት” አሉኝ። ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያለች መጋዝ በነገሌ ሌላ አልነበረችም። ትንሽ ቆይተው፣ ሳያዩኝ፣ አንድ ነገር ለመኑኝ። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ዝቅ ብሎ ለምኖኝ አያውቅም።

“ማን አስተማረሽ ሲሉሽ፣ ቱምቱው ነው በይ። ለኔ አይደለም። ለልጄ ነው። ከሰሙ ምናልባት አንድ ሰው አጠገቧ ይቀመጣል።”

“እሺ” አልኩ። ከልቤ ነበር እኮ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እቤት እስክደርስ ድረስ ከልቤ ነበር።

የመዝጊያው ቀን አዳራሹ ሞልቷል። መምህራን፣ የመኮንን ሚስቶች፣ ነጋዴው፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት። አንጥረኛው መጥተው ነበር። ነጭ ሸሚዝ አጥበው ለብሰው፣ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ወንበር ነበር፣ አልተቀመጡም። ልጃቸው ኋላ ናት። መኪናዬ ጠረጴዛው ላይ በመስኮት የገባው ፀሐይ አርፎበት ያበራል። ዳይሬክተሩ አንስተው ለሰው አሳዩ፣ በሩን ከፍተው ዘጉ፣ ሰዉ “ኧረ!” አለ። ከዚያ ማይኩን አፌ ላይ ደቀኑና “ይህን ማን አስተማረሽ?” አሉኝ።

እናቴን አየኋት። ፈገግ ብላለች። ያ እጅ የነካውን ስነካ እንደከረምኩ ብታውቅ ፊቷ ምን እንደሚሆን ታየኝ። ከእሷ ቀጥሎ የተቀመጡት ታዩኝ፤ ነገ ከኔ ጋር ምሳቃ የማይበሉት ጓደኞቼ ታዩኝ። ሁለት ቃል ነበር የሚፈለግብኝ።

“ከመጽሐፍ አይቼ ነው” አልኩ።

ተጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ስለ ማንበብ ጥቅም ተናገሩ። እኔ ወደ በሩ ላለማየት እየታገልኩ አየሁ። አንጥረኛው ያጨበጭባሉ። በእነዚያ ከሰል በጠጡ፣ ጥፍራቸው በተሰነጠቀ እጆቻቸው፣ እንደ ሌላው ሰው፣ ከሌላው ሰው ጋር እኩል ያጨበጭባሉ። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ቢሰድቡኝ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር።

ሰኞ ልጃቸው እቤታችን መጣች። አጥሩን አላለፈችም። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋችልኝ፤ መጋዟ ናት፣ ስለቷ ተወጥሮ፣ ሰም ተቀብቶ፣ ጥርሱ ወደ እጀታው። አልወስድም ልል ፈለግሁ፤ መውሰድም መመለስም አቃተኝ።

“አባቴ ቃሉን አያጥፍም” አለችኝ። እናቴ ከውስጥ “ማነው?” ስትል ጨርቁን ቀሚሴ ውስጥ ሸጎጥኩና “ማንም” አልኩ። ልጅቷ ገና ከአጥሩ አልራቀችም ነበር፤ ሰምታኛለች።

በመስከረም ትምህርት ሲጀመር ያ የኋላ ዴስክ ባዶ ነበር። ዳሱም ፈርሶ ግራሩ ብቻውን ቆሟል። ሻኪሶ ወርቅ ወዳለበት ሄደዋል ያለኝ ነበር፤ ያቤሎ አየኋቸው ያለም ነበር። አባቴን ሻኪሶ በተመላለሰ ቁጥር “አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ አላየህም?” እለዋለሁ። “ምን ልታደርጊው?” ይለኛል። ምን እንደማደርጋቸው አልነግረውም። አድጌ፣ ደመወዝ በልቼ፣ ራሴም ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩ። “ቱምቱ ብዙ ነው፣ የትኛው?” አሉኝ። ለካ ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም። ያን ሁሉ ወር፣ አንድ ቀን እንኳ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው እያደር ጠቆረ።

መጋዟ አሁንም አለችኝ። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና እሠራባታለሁ፣ የእህቴ ልጆች ይስቁብኛል። የእጀታዋ ጉድጓድ ለኔ አውራ ጣት ይሰፋል። ብዙ ዓመት ያዝኳት፣ አልሞላሁትም።

እና ባለፈው ሳምንት ያ ልጅ “ማን አስተማረሽ?” ሲለኝ ምን ያልኩት ይመስላችኋል? እናቴ አፈር ከገባች ቆይታለች። በዚያ ሱቅ ውስጥ ቱምቱ ብል ግንባሩን የሚቋጥር አንድ ሰው አልነበረም።

“ከኢንተርኔት ነው” አልኩት። እንደዋዛ፣ ተዘጋጅቶ እንደቆየ ነገር ከአፌ ወጣ። የሃምሳ ዓመት ሴት።

መንገዱን ተሻገርኩ። ባጃጅ ቆመልኝ፣ መለስኩት። ተመልሼ ተሻገርኩና ሱቁ ገባሁ። ልጁ ሌላ ሰው እያስተናገደ ነው። እስኪጨርስ አልጠበቅኩም።

“ቅድም የጠየቅከኝን ዋሽቼሃለሁ” አልኩት። “ያስተማሩኝ ነገሌ የነበሩ አንጥረኛ ናቸው። ቱምቱ ናቸው። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።”

ልጁ ሚስማር እየመዘነ ቀና አለ። ግራ ገባው መሰለኝ፣ በትሕትና ፈገግ አለልኝ።

“እሺ እማዬ” አለ። “ደረሰኝ ረስተሽ ነው?”